የአባ ቁልፍ በር

ሰፈሩ ሁሉ አባ ቁልፍ ነበር የሚለው። ቀበቶው ላይ ያንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ሰውዬው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ልጆች ኳሳቸውን አንሥተው ከመንገድ ዞር እያሉ «ቃጭሉ መጣ» ይባባላሉ። ዘለላው ላይ የቤቱ ቁልፍ አለ፣ የቁም ሣጥኑ አለ፣ የመሣሪያ ሣጥኖቹ አሉ፣ የምን እንደሆኑ እሱ ራሱ የረሳቸው ጥቃቅኖችም አሉ። አንደኛው ደግሞ በር የሌለው ቁልፍ ነው። የጋራዡን የጎን በር በገዛ እጁ በብሎኬት ከደፈነው ዓመታት አልፈዋል፤ ቁልፉን ግን አልጣለውም።

«አንተ ሰውዬ፣ በሩ ከሌለ ቁልፉ ምን ይሠራልሃል?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ሰው እጅ ቢገባስ?»

«ገብቶ ምን ሊከፍትበት? ብሎኬት?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ» ይልና ዘለላውን በመዳፉ ይሸፍናል።

መካኒክ ነበር፣ ያውም የተመሰገነ። መኪና ገና ደጅ ላይ ሲቆም ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። ሞተር ሲያዳምጥ ዐይኑን ጨፍኖ አፉን በትንሹ ከፈት ሲያደርግ፣ ሕፃን የሚያስተኛ አባት ይመስላል። በዚያች ሰዓት ያየው ሰው ከዚህ አፍ ክፉ ቃል ይወጣል ብሎ አያስብም። ሰው ወደ ጋራዡ ሲዘልቅ ግን ያ ፊት ይጠፋና ሌላ ፊት ይመጣል። መጀመሪያ የእንግዳውን እጅ ያያል፣ ቀጥሎ ኪሱን፤ ዐይኑን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። በጎረምሳነቱ የመጀመሪያ የመሣሪያ ሣጥኑን ያገኘ ሰሞን አንድ ጠዋት ሣጥኑ ባዶውን ጠበቀው። የልብ ጓደኛው አብሮት ፈለገ፣ አብሮት ተንከራተተ፣ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡም አብሮት አለቀሰ። ቆይቶ መሣሪያዎቹ በዚያው በጓደኛው አጎት ሱቅ ተደርድረው ተገኙ። መሣሪያዎቹ ተመለሱ። የሚያለቅስ ሰው ማመን ግን ከዚያ ወዲያ አልተመለሰለትም።

የራሱን ጋራዥ ሲከፍት ግድግዳው ላይ ትልቅ ጣውላ ሰቀለ። እያንዳንዱን መፍቻ፣ እያንዳንዱን ፒንሳ፣ መዶሻውን ሳይቀር ጣውላው ላይ እያስተኛ ዙሪያውን በነጭ ቀለም ሳለና ለሁሉም ቦታ ሰጣቸው። በየአንገታቸው ላይም በሞረድ ሁለት የሚቋረጡ ጭረቶች አደረገባቸው። ከመዝጋቱ በፊት አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቤት ሲገባ ሚስቱ «ሞላ?» ትለዋለች፤ «እንዴት ዋልክ» ማለቷ ነው።

«አንድ ይጎድላል» ነበር መልሱ፣ ሁልጊዜ።

ጣውላው ላይ አንድ ሥዕል ባዶውን ነበርና። የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ ሥዕል።

መፍቻዋ የጠፋችው የሚስቱ ታናሽ ወንድም እነሱ ቤት በነበረበት ዘመን ነው። እናታቸው ስትሞት በእጇ ያስረከበቻት ልጅ ነው፤ አጥባ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለሰው ያደረሰችው። አናጢነት ሊለምድ ደፋ ቀና በሚልበት ሰሞን ከሥራ ሲመለስ ጋራዡ ጎራ ይልና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ከእህቱ ባል ጋር ያወጋል። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ስትሞት መቃብርህንም ከውስጥ ነው የምትቆልፈው» ይለዋል። አባ ቁልፍ የማንንም ቀልድ አይወድም፣ በዚህ ልጅ ቀልድ ግን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል።

መፍቻዋ የጠፋች ቀን ግን በደንበኛና በጎረቤት ፊት «ኪስህን ገልብጥ» አለው።

ልጁ ሁለቱንም ኪሱን ገለበጠ። እርሳስና የላጲስ ቁራጭ ወደቀ። እርሳሱን አነሣ፣ ላጲሱን ተወው፣ ልብሱን ጠቅልሎ ከቤት ወጣ። የጎን በሩ የተደፈነው በዚያው ሳምንት ነው። ሌላ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ግን አልተገዛም። አባ ቁልፍ በምትፈለግበት ጊዜ ሁሉ በዚያች በምትሰፋ በምትጠበው መፍቻ እየታገለ ባዶውን ሥዕል እንዳለ አቆየው። ምስክሩ ነበር።

የጋራዡ ዋና በር ከዓመታት በኋላም ያው ቆርቆሮ ነው። እግሩ ዝጎ፣ ሲከፈት እንደ ሰካራም በብብት ተይዞ የሚሄድ። አንድ ነፋሻ ቀን ከነፍሬሙ ተነቅሎ የደንበኛ መኪና አፍንጫ ላይ ተጋደመ። አባ ቁልፍ ወንበር አወጣና በበሩ ቦታ ራሱ ተቀመጠ። ምሳውንም እዚያው በላ።

«በሩን ተካኸው እኮ» አለችው ሚስቱ ሳህኑን ስትቀበለው። «ምን ዋጋ አለው፣ ማጠፊያ የለህም።»

ሁለት አናጢ አስጠርቶ ሁለቱንም መለሰ። የአንደኛው ዐይን ከሜትሩ ይልቅ መሣሪያዎቹ ላይ ያረፈ መሰለው። ሁለተኛው ደግሞ «ስትዘጉ ስንት ሰዓት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው እንጨት የሚያራግፍበትን ሰዓት ሊያውቅ ብሎ ነው። አባ ቁልፍ «ምን ያደርግልሃል?» አለና እስከ መንገዱ ጥግ በዐይኑ ሸኘው።

ሚስቱ ይህን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስማኝ» አለችው። «ይህን በር የሚሠራው ወንድሜ ነው። ያሳደግኩትን ልጅ ባንተ መፍቻ የተነሣ እንደ ባዕድ መንገድ ላይ ቆሜ ነው የማገኘው። በሩ ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ቃል ትነግረኛለህ። ወይ ሌባ ነው በለኝና ቁርጤን ልወቅ፤ ወይ ወንድምሽ ነው በለኝና ቤቴ ይግባ።»

«በርና ይሄ ምን አገናኘው?»

«አጠገቡ ተቀምጠህ ታየዋለህ። ማየት ትወድ የለ?»

ወንድምየው ጣውላውን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ትከሻው ሰፍቷል፣ ጠጉሩ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ተሰግስጓል፣ እርሳሱ ከጆሮው ጀርባ ናት። «እትዬ» ብሎ እህቱን አቅፎ ሳመ። ከዚያ ወደ አባ ቁልፍ ዞረና ጎንበስ አለ።

«እንደምን ዋሉ?»

አባ ቁልፍን የሆነ ነገር ወጋው። ድሮ «ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ» ነበር። ይህ «ዋሉ» አጥር ነበር እንጂ አክብሮት አልነበረም። የአጥር ነገር ደግሞ ለአባ ቁልፍ አይነገረውም።

አናጢው የበሩን ቦታ ወርዱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ፣ ከዚያ ከታች ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጥግ በሰያፍ ለካ።

«በሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። በሰያፍ ምን ያስለካሃል?»

«ግድግዳዎ መጥመም አለመጥመሙን ነው የማየው።»

«የኔ ግድግዳ አልጠመመም!»

«አናቱ ላይ ወደ ግራ ሸሽቷል። እርስዎን አይቶ ይሆናል።»

ሚስቲቱ ሣቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ አባ ቁልፍ አሮጌው ጎማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ሥራው ሆነ። መላጊያው ከጣውላው ላይ ቀጭን እየላጠ ወለሉን በጥቅልል ሲሞላው፣ እሱ የሚያየው ጥቅልሉ ሥር የተደበቀ ነገር ይኖር እንደሆነ ነው። በሩ ሁለት ሳንቃ ነው፤ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ የጭነት መኪና የሚያስገባ። ቁም ጣውላዎቹን ሦስት አግዳሚ ያዛቸው። በአግዳሚዎቹ መሃል ደግሞ ከታች ከማጠፊያው ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰያፍ ድጋፍ ገባ።

«በግልባጩ ቢሆንስ?» አለ አባ ቁልፍ፣ ያገኘ መስሎት።

«በግልባጩማ ከሆነ በዓመቱ አፍንጫውን መሬት ላይ ይደፋል።»

ለሁሉ መልስ ያለው ሰው ደግሞ የበለጠ ያስፈራዋል። ማታ ሲቆጥር ግን ከዚያች ከጥንቷ በቀር የጎደለ አልነበረም። «ለዛሬው አልነካም» አላት ሚስቱን። እሷም «ነገ ይሆናላ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ማጠፊያዎቹ በሚታሰሩበት ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ረጃጅም የብረት ማጠፊያዎች ናቸው፤ በውጭ በኩል ሳንቃው ላይ ተለጥፈው ብሎኖቹ እንጨቱን በስተው ወደ ውስጥ ይወጣሉ። አናጢው ወደ ውስጥ ገባ፣ ከኋላ ኪሱ መፍቻ አወጣ፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ያጠብቅ ጀመር።

አባ ቁልፍ ከጎማው ላይ ብድግ አለ። የመፍቻ ቁጥር ለማወቅ ማንበብ አያስፈልገውም፤ አሥራ ዘጠኝ ናት።

ቀስ እያለ ተጠጋ። «ጥሩ መፍቻ ናት» አለ።

«ጥሩ ናት።»

«ቆየች?»

«አልተለየችኝም።»

አንገቷ ላይ ጭረቶቹን ሊፈልግ አንገቱን ሲያሰግግ አናጢው የመጨረሻውን ዳዶ አጠበቀና መፍቻዋን ወደ ኪሱ መለሰ። አባ ቁልፍ ኪሱን አየው። ያን ቃል አሁንም ሊለው ይችል ነበር፤ እስከ ምላሱ ጫፍ መጣ። ሚስቱ በር ላይ ስለነበረች ዋጠው።

በሩ ሲያልቅ አማረ። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በአንድ ጣት ሲገፉት መሄዱ አባ ቁልፍን ሳይወድ አስደነቀው። ሲዘጋው ግን በሁለቱ ሳንቃዎች መሃል ጣት የምታስገባ ክፍተት አየ። በእሷ በኩል ብርሃን ይገባል።

«ይሄስ?»

«ይተንፍስ ብዬ ነው።»

«በር ሳንባ አለው?»

«አለው» አለ አናጢው፤ ዕቃውን እየሰበሰበ።

ማን ነው የሚተነፍስበት? ማንስ ነው እጁን የሚያስገባበት? ሰዉ ከመንገዱ ቀለል እስኪል ቆየና አባ ቁልፍ በሩን ዘግቶ ውጭ ቆሞ ሽቦ አጠፈ። መወርወሪያውን ከውስጥ ሌላ ሰው እንዲጥልለት አላደረገም፤ ራሱ ክፍተቱ ውስጥ በሽቦ እየጎተተ ጣለው። ከዚያ በዚያው ሽቦ አነሣው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በቀላሉ። ይኸውልህ! በሩን የሠራው ለራሱ ነው!

ለሚስቱ አልነገራትም፤ አንድ ማስረጃ አይበቃም ብሎ። ቀጭን ጣውላ አምጥቶ በአንደኛው ሳንቃ ጠርዝ ላይ ምስማር መታበትና ክፍተቱን ደፈነው። ሁለቱ ሳንቃዎች ጥርስ ለጥርስ ገጠሙ።

አናጢው ዘይት ሊቀባው ሲመጣ ብሩሹ የምስማሮቹ ራስ ላይ ቆመ። በጣቱ ጠርዙን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። አባ ቁልፍን አየው፣ ሰማዩን አየው፣ ብሩሹን አጥቦ ሄደ።

«ደነገጠ» አለ አባ ቁልፍ ለራሱ። «ቀዳዳው ተዘጋበት።»

«እህ፣ በሩ አለቀ» አለችው ሚስቱ። «ቃሌን ስጠኝ።»

«ክረምቱ ይለፍ።»

«ክረምቱ ምን አደረገህ?»

«ይለፍ ብያለሁ!»

ክረምቱ ግን ሳያልፍ መጣበት። ዝናቡ ያለማቋረጥ ሲወርድ ሰነበተ። አንድ ጠዋት አባ ቁልፍ በሩን ከውስጥ ሲዘጋ አልሄድ አለውና በሁለት እጁ ጎተተው። በሩ አቃሰተና ገጠመ። «ጎሽ፣ ጠበቀ» አለ። መወርወሪያውን ጥሎ መኪናው ሥር ገባ። ሲርበው ወጣና መወርወሪያውን አነሣ፣ በሩን ገፋ። ግድግዳ የገፋ ያህል ነው። ተንደርድሮ በትከሻው መታው። ትከሻው አመመው እንጂ በሩ ነቅነቅ አላለም። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ መተንፈሻው ተደፍኖ መሃል ላይ ተናንቋል። ሌላ በር የለም፤ ደፍኖታል። መስኮቷም ትንሽ ናት፤ የብረት ዘንግ ራሱ በይዶባት ክንድ ብቻ የምታሳልፍ አድርጓታል።

ሚስቱ ፌስታል ራሷ ላይ ደፍታ ምሳውን ይዛ መጣች።

«ክፈት እንጂ፣ ዝናብ እኮ ነው!»

«አልከፈት አለ።»

«ምኑ?»

«በሩ ነዋ!»

መስኮቷ ጋ ተንጠራርታ አየችው። ከዘንጉ ጀርባ ፊቱን፣ ቀበቶው ላይ ያን ሁሉ ቁልፍ አየች፤ ከዚያ ሣቅ ያዛትና ግድግዳውን ተደገፈች። «እኔን! ሌባ ይይዝ የተባለ በር ባለቤቱን ያዘ! ሣህኑ አይገባም፣ ዳቦውን እንካ። እስረኛ ጠያቂ ሆኜ ቀረሁ።»

«ጎረቤት ጥሪ።»

«ጎረቤቱ በመጥረቢያ ነው የሚከፍትልህ።»

«በሩንማ እንዳይነካው!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ስስት ራሱንም አስገረመው።

«እንግዲያው የሠራውን ልጥራ?»

ዳቦውን ገመጠ። ይህ ይበቃታል፤ ሄደች።

አናጢው ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ በየታዛው ተሰብስቦ ነበር፤ እንዲህ ያለ ትርዒት ማን ያልፈዋል። አፉን ወደ ሳንቃው አስጠግቶ «መወርወሪያውን አንሥተዋል?» አለ።

«አንሥቻለሁ።»

«እንግዲህ አንዱን ሳንቃ ከማጠፊያው ማላቀቅ ነው። በማጠፊያው በኩል ትንሽ ቦታ ትቼለታለሁ፤ ወደዚያ ሸሸት ሲል መሃሉ ይለቃል።»

«አላቅቃዋ ታዲያ!»

«እኔ አልችልም።»

«እንዴት አትችልም? አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

«የብሎኖቹ ራስ በውጭ በኩል ድፍን ክብ ነው፣ መፍቻ አይዘውም። ዳዶው እርስዎ ጋ ነው። ከውጭ ማንም እንዳይፈታው ብዬ ነው እንዲያ ያደረግሁት። እኔም ብሆን።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲረግጥ ይሰማል። አባ ቁልፍ ዳዶዎቹን አያቸው። የምትሰፋ የምትጠበውን መፍቻ ሞከረ፤ አፏ ወፍራም ነውና በዳዶውና በአግዳሚው እንጨት መሃል አልገባ አለች።

«አሥራ ዘጠኝ ናት የምትገባው» አለ አናጢው ከውጭ።

«የለኝም።»

ለምን እንደሌለው ውጭ የቆሙት ሁሉ ያውቁ ነበር። ማንም አልሣቀም።

በመስኮቷ ዘንግ መሃል አንድ እጅ ገባ፤ ያችን መፍቻ ይዟል። አባ ቁልፍ ተቀበለና ወደ ጨለማው ጥግ ዞረ። አንገቷ ላይ ቅባት ተጋግሯል። በአውራ ጣቱ ጠረገው። ጭረት የለም። አገላበጣት። የለም።

«ሞርዶት ነው» አለ ልቡ፣ ወዲያው፣ ሳይጠየቅ።

ይህን ጊዜ ነው የፈራው። ምልክቱን ቢያገኝ ሌባ ነው ሊል፣ ቢያጣው ደግሞ ደምስሶት ነው ሊል። ታዲያ ይህ ልጅ ምን ቢያሳየው ነው የሚያምነው? ምንም። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ያ ባዶ ነጭ ሥዕል አፉን ከፍቶ ያየዋል። የተደፈነውን በር አየ፣ የታሰረውን መስኮት አየ። ዘለላውን ከቀበቶው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለና ወደ ዳዶዎቹ ሄደ።

«ስፈታው ሳንቃው ባንተ ላይ ነው የሚወድቀው» ብሎ ጮኸ።

«አውቃለሁ። ተደግፌዋለሁ፣ ይፍቱ።»

የላይኛውን ፈታ፣ የመሃሉን ፈታ። የታችኛው ሲወጣ ሳንቃው አቃስቶ ወደ ማጠፊያው በኩል ሸሸ፣ መሃሉ ለቀቀ፣ ከነክብደቱ ወደ ውጭ ዘመመ። አባ ቁልፍ በተከፈተው በኩል ዘሎ ወጣና ጫፉን ያዘ። አናጢው ጭቃው ውስጥ እግሩ እየተንሸራተተ፣ ሳንቃው ትከሻው ላይ ተጭኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ያዝ! ያዝ እንጂ! ወደ ላይ፣ ወደ ላይ በለው! እንዳትለቅ!»

«ይዣለሁ! ይዤሃለሁ!»

ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ሁለቱም እያለከለኩ ቆሙ። አናጢው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ያን ቀጭን ጣውላ የመታኸው ጊዜ አይቼ ነበር፣ ጋሼ። ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆንም አውቄያለሁ። ይየው ብዬ ዝም አልኩ። ተናድጄ ነው።»

«በክፍተቱ ሽቦ ይገባል» አለ አባ ቁልፍ። «መወርወሪያውን አንሥቼበታለሁ።»

አናጢው ቀና አለ። «ወይ ጉድ! እሱንስ አላሰብኩትም። ብትነግረኝ ኖሮ በአንዱ ሳንቃ ላይ ብቻ የሚታሰር መሸፈኛ አደርግለት ነበር፤ ሌላውን ደረብ የሚያደርግ። እንጨቱም ይተነፍሳል፣ ሽቦም አይገባም።»

ሚስቲቱ በዝናቡ መሃል ቆማ ነበር፤ ፌስታሉ ከራሷ ወድቋል። ባሏን ብቻ አየችው።

አባ ቁልፍ ወደ ታዛው፣ ጎረቤቶቹ ወደ ቆሙበት ዞረ፤ አንዳንዶቹ ያን ቀንም የነበሩ ናቸው።

«ይህ ልጅ» አለ፣ «ከኔ ምንም አልወሰደም። በእናንተ ፊት ነበር ኪስህን ገልብጥ ያልኩት፣ በእናንተ ፊት ነው የምናገረው። የሚስቴ ወንድም ነው።» ከዚያ ደግሞ ሚስቱን ሊያያት ስላልቻለ መሬቱን እያየ፣ «ልብሱ ረጥቧል፣ ቤት አስገቢው» አላት።

እሷም እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች በዝናቡ አልለይ አለ።

አናጢው በማግስቱ መሸፈኛውን ሠርቶ ሳንቃውን መልሶ ሰቀለ። መፍቻዋን ግን አልወሰዳትም። «አንተ ጋ ትቀመጥ፣ ጋሼ። በጋ ሲመጣ እንጨቱ ይሟሽሻል፣ ዳዶው ይላላል፤ ታጠብቅበታለህ።»

ሲሄድ አባ ቁልፍ መፍቻዋን በባዶው ሥዕል ላይ አስተኛት። ጫፏ ከነጩ መስመር ወጥቶ በአውራ ጣት ያህል ተረፈ። የሱ አይደለችም፣ ሆናም አታውቅም። ጥቂት ቆሞ አያት። ከዚያ አነሣትና ከሥዕሉ ጎን የራሷን ምስማር መታላት። የድሮዋ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያን ምሽት ቤት ሲገባ አናጢው ከእህቱ ጋር ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ አገኘው። ሚስቱ እንደ ልማዷ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ቆጠርክ?»

«ቆጠርኩ።»

«ሞላ?»

አባ ቁልፍ ወንበር ስቦ አናጢው አጠገብ ተቀመጠ።

«አንድ ይጎድላል» አለ። «አንድ ደግሞ ይተርፋል።»